ጀልባ ላይ ኖር የለም

አባቴ ሲቆጡ አይጮሁም፤ ይቆነጥጣሉ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫዬ ቶሎ ካልተነሣሁ፣ ለእንግዳው ፈገግ እንዳሉ፣ እጃቸው በጎን መጥቶ ጭኔን ይይዘኝ ነበር። «ኖር!» ብዬ እስክቆም አይለቁኝም። እንግዳው «በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ» ሲለኝ እንባዬን ውጬ እቀመጣለሁ። ዛሬ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ሽበት ያለው ደንበኛ በበሩ ብቅ ሲል እስካሁን የምነሣው አስቤበት አይደለም፤ ሰውነቴ ራሱ ይነሣል። ይህን አስቀድሜ የማወራው በኋላ ለሠራሁት ጥፋት ማመካኛ እንዲሆነኝ ነው።

ክረምቱ በወጣ ሰሞን የአባቴ የግራ እግር ቆሰለና አልድን አለ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ለሚ ኩራ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ቁስሉን ለማንም አያሳዩም፤ ነርሷ ፋሻ ስትቀይርላቸው እንኳ እኔን ከክፍሉ ያስወጡኛል። ሆስፒታል ስወስዳቸው ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ናት፣ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ሳታድበሰብስ ነገረችን። ሁለት ጣቶች ሞተዋል። መርዙ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት የእግራቸው ግማሽ መቆረጥ አለበት። «እስከ ሰኞ ወስኑ» አለች። «እስከዚያ ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው።»

«ያመኛል ወይ?» አሏት አባባ።

«አባቴ፣ ችግሩ እኮ አለማመሙ ነው። ነርቩ ስለሞተ ነው የማያምዎት።»

አባባ ፈገግ አሉ። አርባ ዓመት ሾላ ገበያ በርበሬ የሸጡ ሰው ናቸው፤ የተበላሸ ዕቃ አሳምሮ የሚሸጥ ሰው ሲያዩ እንዲህ ነው ፈገግ የሚሉት። «የማያመኝን እግር ምን በድሎኝ አስቆርጠዋለሁ? ሕመሙ የጠፋው እየዳነ ስለሆነ ነው» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ።

መኪና ውስጥ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር። «ሊሞቱ ነው እኮ!» አልኩ፣ መሪውን እየደበደብኩ። እሳቸው ቤት እስክንደርስ በመስኮት የሚገነቡትን ሕንፃዎች ያዩ ነበር። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ሐሙስ ማታ እራት ላይ በድንገት፣ «አዋሽ ውሰደኝ» አሉ።

አዲስ አበባ ሳይገቡ በፊት፣ በጎረምሳነታቸው፣ አዋሽ ዳር እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። ዓሣ ማጥመድም እዚያው ነው የለመዱት።

«አንድ ዓሣ በእጄ ላውጣ» አሉ። «ካወጣሁ በኋላ እሺም ሆነ እንቢ፣ ቁርጡን እነግርሃለሁ። ሳላወጣ ግን ስለ እግር እንዳታነሣብኝ።»

ሚስቴ ጓዳ ጠርታ፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም? ቁስሉን ውሃ ቢነካውስ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? የአባቴ እግር፣ ከእግሩም አልፎ ነፍሳቸው፣ ስሙን እንኳ በማላውቀው አንድ ዓሣ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ደግሞ ከዓሣ ጋር የምንተዋወቀው ጉላሽ ሆኖ ሲቀርብልኝ ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ጀመርኩ። አባባ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የፕላስቲክ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ባልዲ በሃያ እርምጃ ርቀት አስቀመጡልኝና፣ «እሱ ዓሣው ነው» አሉኝ። የናይለን ክሩን ባዶ ጠርሙስ ላይ ጠቀለልን። ክሩን ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ሲያስፈልግ ከሱቄ ያገለገለ ካንዴላ አመጣሁ። አባባ ካንዴላውን በእጃቸው መዝነው፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃህ ለቁም ነገር ዋለ» አሉ። ወረወርኩ። የጎረቤት መኪና ጣሪያ ላይ አረፈ። እንደገና ወረወርኩ። ባልዲውን ለመምታት ፀሐይ እስክትጠልቅ ፈጀብኝ።

«ሲቀምስ አትሳብ» ይሉኛል። «ይቀምሳል፣ ይተዋል፣ ይመለሳል። ሲውጠው ታውቀዋለህ። ያኔ እሱ ሲጎትት ልቀቅለት፣ ሲደክመው አንተ ሳብ።» እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ችኩል ነው፤ መልቀቅ የሚባል ነገር አላውቅም። በመጨረሻ ጣታቸውን አንሥተው፣ «ከሁሉም በላይ ይህን ያዝ» አሉኝ። «በዚህ እግር ጭቃ ላይ መቆም ስለማልችል ጀልባ ነው የምንይዘው። ጀልባ ላይ ማንም አይነሣም። ንጉሥ ቢመጣ እንኳ ኖር የለም። ሰማህ?»

«ሰማሁ» አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ዕድሜው ሠላሳ የሚሆን ጀልበኛ፣ ከጣውላ የተሠራች ጠፍጣፋ ጀልባውን ይዞ ጠበቀን። ወንዙ እዚያ ጋ ይታጠፋል፤ ውሃው ሰፋ ብሎ፣ ጭቃ መስሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። እኔ ዋና አልችልም።

«አዞ አለ እንዴ?» አልኩት ጀልበኛውን፣ አባባ እንዳይሰሙኝ ዝቅ ብዬ።

«እዚህ መታጠፊያ ላይ? ኧረ የለም። ዘንድሮ አላየንም።»

ያቺ «ዘንድሮ» አላማረችኝም።

የአባባን ፋሻ በሁለት ፌስታል ደራርቤ ጠቀለልኩት፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በፕላስተር አሰርኩት። «እንደ ገበያ ሽንኩርት ፌስታል ውስጥ ከተትከኝ» ብለው አጉረመረሙ። ጀልበኛውና እኔ ብብታቸውን ይዘን አስገባናቸው። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከመሐል፣ ጀልበኛው መቅዘፊያውን ይዞ ከኋላ ተቀመጥን። ጀልባዋ በተነፈስኩ ቁጥር የምትወዛወዝ መሰለኝ። ከዳር ብዙም አልራቅንም፤ ድንጋይ ብወረውር ዳር ይደርሳል። ግን መቅዘፊያው እስከ እጀታው ሰምጦ መሬት አልነካም።

መጠበቅ ጀመርን። መንጠቆዬ ላይ የሰካሁትን ትል ዓሦቹ ሦስት ጊዜ በልተውት ሄዱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቸኩዬ ስቤ ነው። አባባ ግን ክሩን በአመልካች ጣታቸው ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። ፊታቸው ተለውጦ ነበር። እንዲህ ሰላም ሆነው ካየኋቸው ስንት ጊዜ ሆኗል! «ያኔ ጀልባ የት ይገኛል» አሉ። «በባዶ እግሬ እስከ ጉልበቴ እገባና የት ጭቃ፣ የት አሸዋ፣ የት ጉድጓድ እንዳለ መርገጫዬ ይነግረኛል። ዓሣው የሚተኛበትን የማገኘው በዓይኔ አይደለም፣ በእግሬ ነው።»

ፌስታሉን አየሁት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ በረታ። ባይዙስ? ሳይዙ ብንመለስ ስለ እግር ላላነሣ ቃል ገብቻለሁ፤ ሰኞ ይመጣል፣ ያልፋል፣ መርዙ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያው ተቀምጬ ለዓሣ ተሳልኩ። ደግ ሥራ ሠርቼ እንደሆነ ዛሬ ይመንዘርልኝ አልኩ። ፈርቼ ነበር፤ ውሃውን ሳይሆን ባዶ እጃችንን መመለሱን።

አራት ሰዓት ግድም የአባባ ጣት ነቃ አለ። «ቀመሰ» አሉ በሹክሹክታ። ቆዩ። «ተመለሰ።» እንደገና ቆዩ። ከዚያ ክሩ እየተፈተለ ከጠርሙሱ ላይ መውረድ ጀመረ። ለቀቁለት። ቆመ። ሳቡ። ሮጠ። ለቀቁለት። እኔ ትንፋሼን ይዤ «ይሳቡ! አባባ ይሳቡ!» ማለት ሲያምረኝ ከንፈሬን ነከስኩ። ጀልበኛው፣ «አምባዛ ነው፣ ትልቅ ነው» አለ። ጥቁር ጀርባው ከውሃው በላይ ብቅ አለ፤ ርዝመቱ ክንዴን ያህላል፣ ጢሙ ሁሉ ይታያል። ጀልባዋ ጎን ደረሰ። የአባቴ መልስ ከእጄ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ጀልበኛው ሊያነሣው ጎንበስ አለ።

«እንደምን አደራችሁ!»

ድምፁ የመጣው ከዳር ነው። ጋቢ የለበሱ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጉልበቴ ተዘርግቶ፣ እጄ ኮፍያዬ ላይ ደርሶ፣ «ኖር!» የምትለው ቃል ከአፌ ወጥታለች። የአባባን «ተቀመጥ!» የሰማሁት ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ስትወርድ ነው። የምይዘው ስፈልግ የያዝኩት የእሳቸውን ኮት ነበር። ይዣቸው ወረድኩ።

ውስጡ ቡናማ ነው። እግሬ መሬት ፈለገ፣ አጣ። ወጣሁ፣ ጠጣሁ፣ ገባሁ። እጄ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ቁልቁል እስብ ነበር፤ የምስበው አባቴን መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። «አትታገለኝ! በጀርባህ ተኛ!» ይላሉ፤ አልሰማም። ያኔ ክንዴን ከብብቴ ሥር፣ ሥጋው ከሚሳሳበት ቦታ፣ በኃይል ቆነጠጡኝ። እንደ ልጅነቴ ቀጥ አልኩ። በጀርባዬ ተኛሁ። አንድ እጃቸው ኮሌታዬን ይዞ፣ ሌላው እጃቸው ጀልበኛው የዘረጋልንን መቅዘፊያ ይዞ ወደ ዳር ወሰዱኝ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው።

ሽማግሌው እስከ ጉልበታቸው ገብተው በምርኩዛቸው ሳቡን። «ልጄ፣ ለእኔ ብለህ ነው? ወይኔ ጉዴ፣ ሰላምታዬ ይቅር!» እያሉ ራሳቸውን ያዙ።

አባባ እያሳሉ፣ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ወንድሜ» አሉ። «ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

ዓሣው የለም። ክሩ ሲረግብ መንጠቆውን ተፍቶ ሄዷል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «አሳጣሁዎት» አልኩ። «በእጅዎ ገብቶ ነበር፣ እኔ አሳጣሁዎት።» እሳቸው ዓይናቸውን ከወንዙ አልነቀሉም። መልስ እንደማይሰጡኝ ገባኝ፤ ዓሣ ሳይወጣ መልስ የለም።

ቢያንስ እግሩን ላድርቅ ብዬ ተንበረከክሁ። ፌስታሎቹ ውሃ ቋጥረው አብጠዋል። ፕላስተሩን ላጥኩት። የናይለን ክሩ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ ፌስታሉን ቀዶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሳብ አደረግሁት፤ እንቢ አለኝ። ጠንከር አድርጌ ሳብኩ።

«ምን ይዞህ ነው?» አሉ፣ ዓይናቸው ወንዙ ላይ እንዳለ።

«ክሩ ተጠላልፎ ነው።»

«ሳበው እንጂ።»

ሳብኩት። አልመጣም። ፌስታሉን በጥርሴ ቀደድኩት፣ ፋሻውንም ገለጥኩ። የጠቆሩትን ጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ከእነሱ አጠገብ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ፣ መንጠቆው እስከ ጎባጣው ድረስ ገብቶ ተሰክቷል። ሦስት ጊዜ ስቤዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዓይናቸውን አላርገበገቡም።

ጀልበኛው ከላዬ አጎንብሶ አየና፣ «ኧረ ያማል! ቀስ!» አለ።

አባባ ያኔ ዝቅ ብለው ተመለከቱ። «አያምም» አሉት፣ ሐኪሟን እንደመለሱላት አድርገው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ክሩን ከእጄ ወሰዱና፣ አመልካች ጣታቸው ላይ አሳርፈው፣ በዝግታ ሳቡት። ቆዳው ከመንጠቆው ጋር ተነሣ። ትንሽ ጠበቁ። ደግመው ሳቡት፤ ጠበቁ።

«አያምም» አሉ እንደገና። አሁን ድምፃቸው ሌላ ነበር።

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። አባባ ክሩን ለቀቁት።

«መኪናውን አስነሣ» አሉኝ። «ሰኞን አንጠብቅም።»

ጀልበኛው ክሩን በቢላ ቆረጠልን፤ መንጠቆው እንደተሰካ ይዘነው ሄድን። መንገዱን ሁሉ ወንበሩ ላይ ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር። ብርድ እንዳይመታቸው ማሞቂያውን ከፍቼ፣ ፍጥነት አብዝቼ ሆስፒታል አደረስኳቸው። ሐኪሟ መንጠቆውን ስታይ ወደ እኔ ቀና አለች። የቀዶ ጥገናውን የስምምነት ወረቀት አቀረበችላቸው። አባባ ያለ ጥያቄ ፈረሙ።

በማግሥቱ ጠዋት ሊወስዷቸው መጡ። ከአልጋቸው አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ነበርኩ። ነርሶቹ ባለ ጎማውን አልጋ መግፋት ሲጀምሩ ሰውነቴ እንደ ልማዱ ተነሣ። አባባ የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ቁጭ በል!» አሉኝ። «ጀልባ ላይ ነኝ።»

ተቀመጥኩ። እየገፉ ወሰዷቸው፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሣሁም።