ቲማቲም ጠባቂው ሲዲ

ኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈሩ «ቃርሜ» ይለዋል፤ ሌላው የጣለውን ሁሉ ይለቅማላ! ቤቱ በተሰበረ ኪቦርድና በሞተ ማውዝ ተሞልቶ እግር ማሳረፊያ የለውም። አንድ ግቢ የሚኖሩት አማቱ ታዲያ «ልጄን ለቆሻሻ ገንዳ ዳርኳት» ማለት ከጀመሩ ቆዩ። ፊት ለፊቱ ነው የሚሉት፤ ሴትዮዋ ሐሜት አያውቁም።

እኚሁ አማት አንድ ጠዋት አልነሳ ያለ ኮምፒውተራቸውን አቅፈው መጡ።

«የባለቤቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፤ ሌላ የለኝም» አሉ። «ብታጠፋው ዓይንህን እንዳላይ!»

ቃርሜ አዲሱን የመጫኛ ሲዲ ከተተ። ሲዲው «ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫን?» ከማለት በቀር ሌላ ምርጫ አልሰጥም አለ። ላብ አጠመቀው። ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣው አሮጌው ሲዲ ግን የሰው ፋይል ሳይነካ ሲስተሙን ብቻ ይጠግናል። ቃርሜ አሮጌ ሲዲ ሊጥል? ሞቶ ነው ቆሞ! መሳቢያውን ቢበረብር ግን የለም።

«ያ የሚያብለጨልጨው?» አለች ሚስቱ፣ በመስኮት እያሳየችው። ሲዲው ጓሮ፣ ከቲማቲሙ በላይ በክር ተንጠልጥሎ ወፍ ያባርራል።

«ማን ሰቀለው?»

ሚስት ወደ እናቷ አየች። እናት ወደ ጣሪያው።

«ወፎቹ ቲማቲሙን ፈጁታ!» አሉ አማት። «ደግሞ ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

ቃርሜ እንዲህ ያለ ቀን በሕልሙም አይቶ አያውቅም። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ታዲያ ቆሻሻውን ላምጣው ወይስ ይቅር፣ እማማ?» አላቸው።

«አምጣው እንጂ፣ አንተ ጋኔን!»

ሲዲው ክፉኛ ተጫጭሯል። በለስላሳ ጨርቅ የጥርስ ሳሙና እየቀባ፣ ከመሃል ወደ ዳር ያሸው ጀመር።

«ጥርሱን ነው የምትፍቅለት?» አሉ አማት።

«አፉ ሳይጸዳ እንዴት ይናገራል?»

ሲዲው ገብቶ እያጓራ ጥቂት ሄደና «ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ቆመ። አውጥቶ እንደገና አሸው። አማት የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው «በርታ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ፤ ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ተነሣ። የድምፁ ፋይልም እንዳለ አለ።

ቃርሜ ምክር ወይም ምርቃት ጠብቆ ከፈተው። የወጣው ግን ግድግዳ የሚያነቃንቅ ማንኮራፋት ነው! ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«አላንኮራፋም እያለ ዕድሜ ልኩን ካደኝ» አሉ አማት። «አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ቀዳሁት። ሳላሰማው ሞተብኝ።»

«ልዝጋው፣ እማማ?»

«ተወው። እሱ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ ዞሮ አያውቅም።» ወንበሩን ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ ውስጥ የሚያንኮራፉት ሁለት ሆኑ።