ከአሜን በፊት

ባለፈው እሁድ ቦንጋ ሄጄ ምሕረት ቤት ምሳ ተጋበዝኩ። ጸሎት ስትጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወዲያው ገለጥኩ። ካረጀሁም በኋላ ይህ አመል አልለቀቀኝም። ያስለመደችኝ የእናቷ ቤት አይጥ ናት።

ከጎጃም ተመድቤ ቦንጋ ስገባ ወጣት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ፤ ዝናቡም ማባሪያ አልነበረው። የተከራየሁት ከምሕረት እናት ከእትዬ አበበች ግቢ ነው። ማታ ማታ "ብቻህንማ አትበላም" ብለው ይጠሩኛል። ትኩስ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ እሳቸው ግን ጴንጤ ናቸውና አስቀድመው ይጸልያሉ። ለልጆች፣ ለጎረቤት፣ ለመንገደኛ፤ ጎደሬው እስኪበርድ።

አንድ ሰሞን ከአሜን በኋላ ከምሕረት ሰሃን ቁራሽ ይጎድል ጀመር። አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንድ ማታ እትዬ አበበች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ከራበህ ንገረኝ እንጂ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ አገር ከእሳቸው ሌላ ዘመድ አልነበረኝም።

በማግስቱ ዓይኔን ገልጬ ጠበቅሁ። ጸሎቱ ጎረቤት ላይ ሲደርስ አንዲት ትንሽ አይጥ ከግድግዳው ሥር ወጣች፤ ዝቅተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ዘላ ቁራሽ ይዛ፣ ልክ አሜን ሊባል ሲል ገባች። ያየሁትን ስነግራቸው ምሕረት ሳቀች።

"መምህር፣ አይጥ ሰዓት አላት እንዴ?"

"ሰዓትማ የላትም። አጭር ጊዜን ግን ትለምዳለች። መጀመሪያ ትቸኩላለች ወይ ትዘገያለች፤ እየቆየች ልኩን ታገኘዋለች።"

"ቃሉን ሰምታ ቢሆንስ?" አሉ እትዬ አበበች። "ቆይ፣ እኔ አያታለሁ።"

በነጋታው "ጌታ ሆይ" ብለው ጀመሩና ዝም አሉ። የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ነው። ሦስታችንም በከፊል በተጨፈነ ዓይን እናያለን። አይጧ ወጣች፤ ቁራሿን አነሳች፤ ማንም ትንፍሽ ሳይል፣ ሌላ ጊዜ አሜን በሚባልበት ግድም ሮጣ ገባች።

"አሜን!" አሉ እትዬ አበበች ጭራዋን እያዩ፤ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። ከዚያ እጄን ያዙ። "ይቅር በለኝ ልጄ።" ደስታዬ እንባዬን አመጣው።

ምሕረት ድመት ይምጣ ብትልም እምቢ አሉ። "አንቺ ጸሎቴ ረዘመ እያልሽ ታጉረመርሚያለሽ፤ እሷ አንድ ቀን አላማረረችም።"

እትዬ አበበች ካረፉ ቆይተዋል። ቤቱም ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፤ አይጥ መግቢያ የለውም። እሁድ ዕለት ምሕረት እንደ እናቷ ለልጆች ጸለየች፣ ለጎረቤት ጸለየች፤ መንገደኛ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ዓይኔን ስገልጥ እሷም ገልጣለች። ተያየን። የለመዱት ጊዜ ከሰው ውስጥም አይወጣም መሰለኝ፤ ጥቂት ቆይተን፣ ሳንነጋገር፣ እናቷ ይሉ በነበረበት ቦታ ላይ እኩል "አሜን" አልን።