ከተገዛ በኋላ መሸጥ

«ኦቨርሴል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ሚኒሶታ ውስጥ ካለችው ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። የሄድነው ለትልቋ ልጄ ሥራ ፍለጋ ነበር። በቤቷ ሕፃናት የምትጠብቅ አንዲት የአገራችን ሴት ረዳት ትፈልጋለች። ወላጆቹ ልጆቻቸውን እሷ ዘንድ የሚያውሉት አማርኛ እንዲለምዱ ብለው ስለሆነ፣ ረዳቷም አማርኛ መናገር አለባት። ልጄ የተወለደችው እዚሁ አሜሪካ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

ሴትየዋ ልጄ ከሕፃናቱ ጋር ስትጫወት ትንሽ አየቻትና ሰኞ ጀምሪ አለቻት። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ግን ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈራሁና ማውራት ጀመርኩ። ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትነሣለች አልኩ። ታናናሾቿን ያሳደገቻቸው እሷ ናት አልኩ። አማርኛዋማ እንደ ውሃ ነው አልኩ። ልጄ ጫማዋን ታያለች።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ ካሰርን በኋላ፣ «ማሚ፣ ኦቨርሴል አደረግሽኝ» አለችኝ።

ምን ማለት ነው አልኳት። ማጋነን ነው ብላ ጀመረች፤ ግን አልበቃት መሰለኝ፣ ትንሽ አሰበች።

«እሷ ገዝታ ጨርሳለች። አንቺ ገና ትሸጫለሽ።»

ይህን ያለችው በአማርኛ ነበር። ደግማ እንድትለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ተናዳለች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም ማለት ይቻላል። ሴትየዋ ሰኞ ዕለት አማርኛዋን ሰምታ ብትመልሳትስ? ልጄ ሥራውን ወዳዋለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ለሴትየዋ ደወልኩና አማርኛዋ እንዳልኩት እንዳልሆነ፣ ቀስ ብላ እንደምትናገር፣ እንግሊዝኛ እንደምትቀላቅል ነገርኳት።

ሴትየዋ ሳቀች። «እህቴ፣ እኔ እናት ስታወራ ግማሹን ቀንሼ ነው የምሰማው። ልጅቷን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ትምጣ።»

የትኛውን ግማሽ እንደቀነሰች ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ስለ ታናናሾቿ ያልኩት እውነት ስለሆነ እሱን እንዳትቀንሰው ላስረዳት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ልጄ መኪና ውስጥ ያለችኝ ትዝ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሰኞ ጠዋት የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ።