ይሆናል ያልኩት ቁጥር

ሥራዬ ባሕር በሌለበት ከተማ ቁጭ ብዬ ባሕር መለካት ነው። አንድ ድርጅት አትላንቲክ ዳር የኖራ ዱቄት ውሃው ላይ ይበትናል፤ ውሃው በዚያ ምክንያት ከአየር ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል ተብሎ ይታሰባል። ምን ያህል እንደሳበ አረጋግጠን የምንጽፈው ቶሮንቶ ያለነው እኛ ነን። ያ ወረቀት አንዴ ከተፈረመ፣ ሌላ ቦታ ያለ ፋብሪካ ባሕሩ ጭሴን አንስቶልኛል ብሎ ማጨሱን ይቀጥላል።

ለምርመራ ከባሕሩ በጠርሙስ የሚመጣልን ውሃ ግን ብዙም አይናገርም። ባሕሩ ራሱ በየወቅቱ የሚያሳየው ለውጥ ኖራው ከሚያመጣው ይበልጣል። በበርሜል ሻይ ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ጣፈጠ አልጣፈጠም ብሎ መከራከር ነው። ዱቄቱ የነካው ውሃ አየሩን በደንብ ሳያገኝ ወደ ታች ሊሰምጥም ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ቁጥር የሚወጣው ከጠርሙሱ ሳይሆን ከኮምፒውተር ስሌት ነው። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አላመንኩትም።

ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ በሚወስደኝ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳለ አለቃዬ ደወሉ። በደርግ ጊዜ ተሰደው የመጡ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከእኔ ሌላ ያሉ ብቸኛው ሐበሻ ናቸው።

«ሪፖርቱን ሳብሚት ላደርገው ነው፤ ቁጥሩ ይሆናል?»

«ይሆናል፣ ጋሼ።»

ምናልባት ማለቴ ነበር። እሳቸው ግን ይበቃል ያልኩ መሰላቸው፤ አመስግነው ዘጉት። ስልኩን እንደያዝኩ መውረጃዬን አለፍኩ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው ተሳስተው ሰሙኝ ማለት ነውር ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ኖራው ይሠራም ይሆናል፤ ማንንም ሌባ አላልኩም። ያንገበገበኝ ምናልባትን ቁጥር አልብሼ መላኬ ነው።

በአራተኛው ቀን ቢሯቸው ገብቼ ቃሌን በሌላ ትርጉም እንደወሰዱት፣ ስሌቱን እንደማላምነው፣ ሪፖርቱም መመለስ እንዳለበት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«በትክክል ነው የሰማሁሽ፣ ልጄ፤ ምናልባት ነው ያልሽኝ» አሉኝ። «በእንግሊዝኛ ብጠይቅሽ አላውቅም ትዪኝ ነበር። በአማርኛ የጠየቅኩሽ ለዚያ ነው።»