የቶላሜል ቅኝት

መርከብ ራባውል ወደብ በሚቆምበት ቀን ኤሊያብ ቶማሩም ነጭ ሸሚዙን ይለብስና ጊታሩን በጀርባው አንግቶ ከማቱፒት ደሴት መሸጋገሪያውን አልፎ ወደ ከተማ ይመጣል። ከመርከቡ የወረዱትን እንግዶች ሰብስቦ በእግር ያዞራቸዋል። የሚያሳያቸው ግን ዓይን የሚያየው ነገር አይደለም። ሣር የበቀለበትን የአመድ ክምር እየጠቆመ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ይዘፈን ነበር» ይላል። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ሁለት የዛገ ምሰሶ ወደቆመበት ባዶ ሜዳ ዞሮ፣ «እዚህ እኛ ስንጫወት የፖሊስ አዛዡ ቆቡን ጥሎ ጨፍሯል» ይላቸዋል። እንግዶቹ ምሰሶዎቹን ፎቶ ያነሣሉ።

ኤሊያብ በወጣትነቱ ወደብ ላይ የደረቀ ኮኮናት ተሸካሚ ነበር። ቀን ጆንያ የተሸከመው ትከሻ ማታ ጊታር ይሸከማል። ያን ጊዜ በዚያ አገር ባንድ የሌለው መንደር አልነበረም። የማቱፒቶቹ «የሙቅ አሸዋ ልጆች» ይባሉ ነበር፤ ዶሮ የምታክለው የዱር ወፍ እንቁላሏን እሳት ከሚተፋው ተራራ ሥር በሞቀው አሸዋ ውስጥ ትቀብራለችና፣ እሱን እየቆፈሩ የበሉ ልጆች ናቸው ለማለት ነው። ዘፋኙም መሪውም ቶላሜል ነበር። ኤሊያብ ከኋላው ቆሞ ምቱን ይጠብቃል፣ ሁለተኛውንም ድምፅ ይቀበላል።

በዚያ አገር ባንድ የሚታወቀው በቅኝቱ ነው። ሰው መንገድ ላይ እየሄደ ከሩቅ የጊታር ድምፅ ሲሰማ፣ ዘፈኑን ከመለየቱ በፊት «እነ እገሌ ናቸው» ይላል። የቶላሜል ቅኝት ከሁሉም የተለየ ነበር፤ እያለቀሰ የሚስቅ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ጫካ ገብቶ፣ ጾሞ፣ በሕልሙ ከሙታን የተቀበለው ነው ይባላል። ስለዚህ ማንም አያየውም። መቃኛውን ሲጨብጥ ጓደኞቹ ሁሉ ጀርባቸውን ይሰጡታል፤ ጨዋነቱ ይህ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅም ጊታሩን ከማስቀመጡ በፊት ክሮቹን አንድ በአንድ ያላላቸዋል። ሌባ ቢመጣ የሚያገኘው የላላ ክር ብቻ ነው።

ኤሊያብ የቶላሜልን እኅት ኢያኩባክን አገባ። በእነሱ ወግ ደግሞ የወንድ ልጅ ሀብት ለወለደው ልጅ ሳይሆን ለእኅቱ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ የቅኝቱ ወራሽ የኤሊያብ የራሱ ልጅ ዳርዮስ ሆነ። ኤሊያብ ግን የሌላ ወገን ሰው ነውና ሊነካው አይገባም። ቅኝቱ ከአጎት ወደ እኅት ልጅ የሚያልፈው በአባትየው ራስ ላይ ነበር።

ዳርዮስ አድጎ ወደ ዋናው ከተማ ወደ ፖርት ሞርስቢ ሄደ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። «ና፣ አጎትህ ሳይደክም ተማር» ባሉት ቁጥር፣ «ኪቦርድ እኮ ቅኝት አይፈልግም አባባ፣ መሰካት ብቻ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ከተማዋን አመድ ያለበሳት ጊዜ የሙቅ አሸዋ ልጆች ተበተኑ። ዳንስ ቤቶቹ ጣሪያቸው አመዱን መሸከም አቅቶት ተደረመሱ። ኤሊያብ ከዓመታት በኋላ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ቶላሜል ግን ተፈናቃዮቹ በሰፈሩበት፣ ባሕር በማይታይበት ሰፈራ እንደ ቀረ አረጀ፤ ጓደኞቹም አንድ በአንድ አለቁ። በመጨረሻ የቶላሜል ልብ መሳት ጀመረ። አንድ ቀን የገዛ እኅቱን «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ኢያኩባክ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ገባች። «ስማኝማ» አለችው ባሏን። «ፈረንጁን ሁሉ የምታዞረው ሰውዬ፣ ወንድሜን አንድ ቀን ብታዞረው ምን ይልሃል? እግሩ መሬቱን ሲረግጥ ያስታውስ ይሆናል። ቅኝቱን ይዞብን ሊሄድ ነው እኮ!»

«ቢያስታውስስ ለኔ ይሰጠኛል?»

«አንተ ውሰደው ብቻ።»

መርከብ በሌለበት ቀን ኤሊያብ አማቹን በጭነት መኪና አሳፍሮ አመጣውና ክንዱን ይዞ ከወደቡ ጀምሮ ያዞረው ገባ። ቶላሜል ቡአይ የሚሉትን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ እያኘከ ቀዩን ምራቅ አመዱ ላይ እንትፍ ይላል።

«የኮኮናቱ መጋዘን የት ሄደ?» አለ።

«ከአመዱ ሥር ነው።»

«ማነው የቀበረው?»

«ተራራው ነዋ።»

«ምን በድለነው?» አለና ቆሞ ጭስ የሚተፋውን ተራራ አየው።

የቻይናዎቹ ሱቆች ወደነበሩበት ጎዳና ሲደርሱ ግን ፊቱ በራ። «እዚህ ጋ ነው በባዶ እግሬ የዘፈንኩት!»

«ጫማህን ሰርቀውህ» አለ ኤሊያብ እየሳቀ።

«ማን ይሰርቀኛል! እኅቴን ላግባ ብሎ የመጣ አንድ ጫማ የሌለው ድሃ ነበር፣ አውልቄ ሰጠሁት እንጂ።»

«ድሃውማ እኔ ነኝ አማቼ።»

«ታዲያ ማንን እየተናገርኩ መሰለህ? እስከ ዛሬም አልመለስክልኝም።»

ኤሊያብ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኢያኩባክ እውነቷን ነው፣ እግሩ እያስታወሰ ነው፣ ብሎ አሰበ። ዋናው ዳንስ ቤት ወደነበረበት ወሰደው። የክረምቱ ጎርፍ አመዱን ጠርጎት የሲሚንቶው ወለል ጥግ ወጥቶ ይታያል። ቶላሜል ማንም ሳይመራው ክንዱን አስለቀቀና ሄዶ ወለሉ ላይ ቆመ፤ በዚያ ሁሉ ቅዳሜ የቆመባት ቦታ ናት። ዙሪያውን ቃኘ።

«ዳርዮስ መጥቷል?» አለ።

«አልመጣም።»

«ታዲያ ማን ሊወስደው ነው?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰበና ቡአዩን ከአፉ አወጣ። «አማቼ፣ አንተ የኛ ወገን አይደለህም። ላንተ ብሰጥ የሰጡኝ ሙታን አጥንት ይወቅሰኛል። አደራ ላስቀምጥብህ ግን እችላለሁ። ለልጅህ ታደርስልኛለህ?»

«አደርሳለሁ።»

«አደራ በሰማይ!»

«አደራ በምድር!» አለ ኤሊያብ።

«በል ጊታሩን አምጣ።»

ኤሊያብ ጊታሩን ከጀርባው አውርዶ በሁለት እጁ አቀበለው። ቶላሜል ወለሉ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መቃኛውን ጨበጠ። ያን ጊዜ ኤሊያብ ዕድሜውን ሁሉ ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ ጀርባውን ሰጠውና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። አስቦ አይደለም። ሰው ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ እንደሚል ነው። ከኋላው መቃኛው ሲንቋቋ፣ ክሩ ሲጠብቅ፣ ሲላላ፣ ሲጠብቅ ይሰማዋል። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

እያለቀሰ የሚስቀው ድምፅ። ቶላሜል ስለ ሄደች መርከብ የገጠመውን አሮጌ ዘፈን ጀመረ። ድምፁ ቀጥኗል፣ አንዲት ቃል ግን አልረሳም። ኤሊያብ ሁለተኛውን ድምፅ ተቀበለው። አመዱም፣ ተራራውም፣ የሞቱት ጓደኞቹም ከሐሳቡ ጠፉ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ዘፈነ። ዝም ሲባል ነው የነቃው። ምን እንዳደረገ ገባውና ዘወር አለ።

የቶላሜል ጣቶች መቃኛው ላይ ነበሩ። የመጨረሻዋን ክር እያላሏት ነው።

«አማቼ! ምን አደረግህ?»

«ምን አደረግሁ? ዘፈንኩ፣ ጨረስኩ።»

«አላየሁትም እኮ! ጀርባዬን ሰጥቼህ ነበር!»

«ጎበዝ» አለ ቶላሜል ጊታሩን እየመለሰለት። «ድሮም ጨዋ ነህ።»

«እንደገና ቃኘው በናትህ። አደራውን…»

«የምን አደራ?» አለ ሽማግሌው። ከዚያ ፀሐዩ እንዳስቸገረው ሰው ዓይኑን አጥብቦ አየውና፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለው።

ከዚያ ወዲህ ኤሊያብ ጊታሩን እያነገተ ሰፈራው ድረስ ይመላለስ ጀመር። በጆሮው የቀረውን እየፈለገ አንዱን ክር ያጠብቃል፣ አንዱን ያላላል፣ ከዚያ ለቶላሜል ያሰማዋል። ቶላሜል ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጥና ራሱን ይነቀንቃል፤ አይደለም። ኤሊያብ ሌላ ይሞክራል። አይደለም። ጊታሩን እጁ ላይ ሲያስቀምጥለት ግን ሽማግሌው እንደ ሌላ ሰው ሕፃን ታቅፎት ይቀመጣል። ኋላ ኋላ ራሱን መነቅነቁንም ተወው። ቢቃኝም ባይቃኝም ፈገግ የሚል ሆነ። ኤሊያብን ከሁሉ የበለጠ ያስለቀሰው ይህ ፈገግታ ነበር።

ቶላሜል በሞተ ጊዜ ማቱፒት ውስጥ ቤቱ የቀረ ሰው የለም። እንደ ወጉ በክር የተሰካው የዛጎል ገንዘቡ ተበጥሶ ለለቀስተኛው ታደለ። ዳርዮስም በአውሮፕላን ደረሰ። ጸጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፤ እናቱን አቅፎ አለቀሰ። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ጊታር ተውሶ በስልኩ እየታገዘ ቃኘውና የአጎቱን የመርከብ ዘፈን ተጫወተ። ሰው ሁሉ አነባ። «ልክ አጎቱን!» አሉ ሴቶቹ እየተነፋረቁ። ዳርዮስ እንደ ጨረሰ መጥቶ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ።

«አባባ፣ የአጎቴ ቅኝት እንዲህ ነበር?»

ኤሊያብ እንዲያ ነበር ሊለው ፈለገ። ቀላል ነበር፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

«አይደለም ልጄ» አለ። «ላንተ እንዳደርስ አደራ ሰጥቶኝ ነበር። ሳላየው ቀረሁ።» ከዚያም የሆነውን ሁሉ ከወደቡ ጀምሮ ነገረው።

«ና ስትሉኝ እኮ ነው የቀረሁት» አለ ዳርዮስ።

«ድገመው! ድገመው!» አለ ሕዝቡ። ዳርዮስ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው በስልኩ ቅኝት፣ እንደገና ጀመረ። ኤሊያብ ሁለተኛውን ድምፅ ሊቀበለው አፉን ከፈተ፤ ድምፁ የሚገባበትን ቦታ ግን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣው።