ለጀማሪ ሁለት ጠብታ ሐሞት

ቤሪል ኦለንሻው የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትመራ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ የወጣች ቀን ባልደረቦቿ ሰዓት ሸለሟት፤ እሷ ደግሞ የዳይሬክተሩን ስኳር በጨው ቀይራ ተሰናበተች። ይህች ሴት የውሃ ቀለም ሥዕል ልማር ብላ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ጸሎት ቤቱ አዳራሽ መሄድ ስትጀምር፣ እሷን የሚያውቅ የእንግሊዙ ዮርክሻየር ባሕር ዳርቻ ሰው ሁሉ ለአስተማሪው አዘነለት።

አስተማሪው ሊዮኔል ፕራውስ ይባላል። እጁ የተባረከ ሠዓሊ ነው፣ ክፉም አይደለም። ብልቃጥ ሲያይ ግን ራሱን መግታት አይችልም። ቀለሙን የሚያወፍር ሙጫ፣ ነጭ እንዲቀር የተፈለገውን ቦታ የሚሸፍን ፈሳሽ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንደ ልብ እንዲፈስ የሚያደርግ የበሬ ሐሞት። ጀማሪ እነዚህን ሳይዝ ብሩሽ አያንሳ ባይ ነው። ቤሪል በመጀመሪያው ሐሙስ፣ የውሃ ቀለም ማለት ውሃና ቀለም ነው፣ የቀረው የሚጠቅመው ሻጩን ነው ብላ ፊት ለፊት ነገረችው። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ይነቋቆራሉ።

ከጎኗ የሚቀመጠው ዊልፍ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር መስመር ምልክት ሲያነሳና ሲያወርድ፣ አንዲት ስህተት ሰው ትፈጃለች ሲል ኖሮ፣ አሁን ወረቀት ማርጠብ ይፈራል። እርሳስ ይቀርጻል፣ ጥቂት ይሥላል፣ ያጠፋል፣ ሰዓቱ ያልቃል። የበሬ ሐሞት ግዛ ሲሉት ገዛ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጠብታው በዛበትና ሰማዩ ቁልቁል ወርዶ የወደቡን ጀልባዎች ዋጣቸው። ዕቃውን ሲሰበስብ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"የሚቀጥለው ሐሙስም እንዲህ ከሆነ ቀረሁ" አላት። "ልጄን ለክፍላችን የበጋ ሥዕል ትርዒት ነይ ብያት ነበር፤ አትምጪ እላታለሁ።"

"አንተ የጎደለህ ሐሞት የበሬው አይደለም፣ የራስህ ነው" አለችው።

ሳቀ እንጂ አልተጽናናም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያወጣው ይህ ሐሙስ ብቻ እንደሆነ ቤሪል ታውቃለች፤ አንጀቷን በላው። ኮቱን ሊያመጣ ሲሄድ ብልቃጡን አንስታ ሐሞቱን ወደ ቧንቧው ገንዳ ደፋችውና፣ ከማንቆርቆሪያው ቀጠን ያለ ሻይ ሞላችበት። ቀለሙ ቁርጥ ሐሞቱን ነበር። ግማሹ ለዊልፍ አዝና ነው፤ ግማሹን ግን ሊዮኔልን ልታሳፍር ብላ እንዳደረገችው መካድ አይቻልም።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ሁለት ጠብታ ከጨመርክ በኋላ የሚመጣውን ለበሬው ተውለት ብላ መከረችው። ዊልፍ ሁለት ጠብታ ሻይ ጠብ አደረገ፣ በረጅሙ ተነፈሰና ወረቀቱን አረጠበ። ሰማዩ ሰማይ ሆነ። ሊዮኔል ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ፣ የሐሞትን ጥቅም አብራራ። በዚያው ቀን ሦስት ጀማሪዎች ሐሞት አዘዙ። ቤሪል አፏን በመሐረብ ይዛ ስትንዘፈዘፍ ጉንፋን ይዟት መሰላቸው።

ሻይ ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሰው ሳያያት ትቀይረዋለች፤ ዊልፍም በየሳምንቱ ይደፍራል። እሷ ጉዱን የበጋው ትርዒት ቀን፣ ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት ልታፈነዳው ቆርጣለች። መስተዋት ፊት ቆማ ንግግሩን ተለማመደችው።

ቀኑ ደረሰ። የዊልፍ የወደብ ሥዕል በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ልጁ ሄስተር ከሊድስ ከተማ መጥታ ሥዕሉ ፊት ቆማለች። ሊዮኔል ሁለት ብርጭቆ ወይን ቀምሶ ስለነበር ነገር ፈለገ።

"ሚስስ ኦለንሻው፣ እስኪ ለዚህ ሁሉ ሰው ይንገሩን" አላት። "ጀማሪ የበሬ ሐሞት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?"

ቤሪል በሕይወቷ እንዲህ የበሰለ ተንኮል እጇ ገብቶ አያውቅም። አፏን ስትከፍት ዊልፍ ልጁን በሹክሹክታ "የበሬው ሥራ ነው እንጂ እኔማ ምን አውቄ" ሲላት ሰማች። ልጅቱ የምታየው አባቷን ነበር፤ በእጁ የያዘው የሻይ ስኒ አልተንቀጠቀጠም። ሊዮኔልን ብትጥለው የሚወድቀው ዊልፍ ላይ ነው።

"ያስፈልገዋል" አለች።

ሊዮኔል ከኋላ ያሉት አልሰሙም ብሎ አስደገማት። ደገመችው። በንዴት ጨሳ ቤቷ ገባች፣ ራትም አልበላችም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ዊልፍ አንድ ትንሽ ብልቃጥ አምጥቶ ፊቷ አኖረ። ማሸጊያው ያልተከፈተ እውነተኛ የበሬ ሐሞት ነው። "እንዲያ በሰው ፊት ማመንሽ ትልቅ ነገር ነው" አላት። "ይህ ካንቺ እንዳይለይ ብዬ ነው። በይ ሞክሪው፣ አትሰስቺ።"

እያያት እንቢ ልትል አልቻለችም። ጨመረች። ሰማይዋ ከወረቀቱ ወጥቶ፣ ጠረጴዛውን አልፎ፣ ቀሚሷ ላይ ወረደ። ሊዮኔል ከሩቅ አይቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ዊልፍ ግን አልሳቀም። "አይዞሽ፣ ገና ጀማሪ ነሽ" አለና ብሩሹን ከእጇ ተቀበላት። አዲስ ወረቀት ዘረጋ፣ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ሰማያዊውን ነካ አደረገና ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ሳበው። ከብልቃጥ አንዲት ጠብታ አልጨመረም፤ ልብም አላለውም። ቤሪል ግን አይታለች። ምላሷን ነክሳ፣ ቀሚሷን እየጠረገች፣ "የበሬው ነገር እኮ ድንቅ ነው" አለችው።