የዳቦ ላጲስ

የያዙኝ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በጥሞና ጊዜዬ ነው። መጽሐፍ ቅዱሴ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቶ፣ እርሳሴ እጄ ላይ እንዳለ። "ተነስ፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ" አሉኝ። መጽሐፉን እንደያዝኩ ወጣሁ። በር ላይ የፈተሸኝ ፖሊስ ገጾቹን ገለባብጦ ምላጭ እንደሌለ ሲያይ መለሰልኝ። እርሳሱን ወሰደው። መጽሐፉ እጄ ላይ መቅረቱን ያን ጊዜ እንደ ትልቅ ምሕረት ቆጠርኩት።

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ጥግ ጥጉ ላይ የማሽላ ፍሬ ይገኝ ነበር። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር በተተወ ክፍተት ብርሃን ይገባል። አሶሳን በየካቲት የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው በኩርሙክ መንገድ ጨው በአህያ ሲነግዱ የተያዙ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ። መምህር መሆኔን ስነግራቸው "ኡስታዝ" አሉኝ። እኔም "አባባ" አልኳቸው። በዚሁ ተግባባን።

ከወለጋ ተመድቤ አሶሳ ሒሳብ ሳስተምር ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቤቴ የምንሰበሰብ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ ተስማምተን፣ ከመስከረም ጀምሮ በቀን ሦስት ምዕራፍ እናነብ ነበር። እኔ በኅዳጉ ላይ "ለሕይወቴ" ብዬ የተማርኩትን አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ የምጸልይለትን ሰው። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ስም ብቻ ጽፌ አልተውም። ማን ምን እንደፈራ፣ ማን የት እንደተጠጋ ሳይቀር እዘረዝራለሁ፤ እግዚአብሔር አድራሻ ካልተሰጠው ሰው የሚጠፋበት ይመስል። በዚያ ሰሞን የሐሙሱ ስብሰባችን የፖለቲካ ነው ተብሎ ስለተጠረጠረ፣ ከመካከላችን አንድ ልጅ እየተፈለገ ተደብቆ ነበር። ባምባሲ፣ አጎቱ ቤት። መጽሐፈ መሳፍንት ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ።

ሽማግሌው ረመዳንን እየጾሙ ስለነበር ቀኑ አልገፋ ይላቸዋል። "ኡስታዝ፣ ዛሬ ኪታብ ምን አለ?" ይሉኛል። መዝሙረ ዳዊት ላይ ደርሼ ነበር። ጮክ ብዬ አነብላቸውና "ለሕይወቴ" የምለውን እጨምራለሁ። አንዳንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዴ ደግሞ፣ "ይሄ ዳውድ ብዙ አለቀሰ። እሱ እንዲህ ካለቀሰ በግ ማን ጠበቀ?" ብለው በዚያ ቦታ ያስቁኛል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ የቀኑን አንድ አንድ ዳቦ ሰጥቶን የሄደው ጠባቂ ተመልሶ መጣ።

"ከሰዓት መርማሪው ይጠራሃል። ያንን የምትጽፍበትን መጽሐፍ ይዘህ ትመጣለህ።"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። በሩ እንደተዘጋ ጣቴን በምራቅ አርሼ ጽሑፉን አሸሁት። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ዘኁልቍ ላይ ተቀደደ። ያለኝ አማራጭ ገጾቹን ገንጥሎ መዋጥ መሰለኝ። አንዱን ይዤ ስጎትት አባባ እጄን ያዙኝ።

"ኪታብ አይቀደድም። ምን ሆንክ አንተ?"

"ስም ጽፌበታለሁ አባባ። ካገኙት፣ ሰዎች ይያዛሉ። በእኔ የተነሳ።"

"በእስክሪብቶ?"

"በእርሳስ።"

ይህን ስል ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ላጲስ ሲጠፋብን የዳቦ ልብ አድቦልቡለን እናጠፋበት ነበር። የእኔን ዳቦ ግን እንደተሰጠኝ ጨርሼዋለሁ። የቀረው የእሳቸው ነው፤ ለማፍጠሪያ በፎጣ ጠቅልለው ያስቀመጡት። ልጠይቃቸው አፈርኩ። ዓይኔ ግን አሳበቀብኝ።

"ዳቦ ለምን ታያለህ?"

"ውስጡ እርሳስ ያጠፋል።"

ፎጣውን ፈትተው ሰጡኝ።

"ማታ በምን ያፈጥራሉ?"

"ውሃ አለ። ውሰድ፤ ቶሎ አጥፋ።"

እሳቸው ገጹን እንዳይቀደድ በመዳፋቸው ይጫኑልኛል፤ እኔ አሻለሁ። የጠቆረውን ፍርፋሪ እፍ እላለሁ። ሃያ ሦስት ስም ነበር፤ ከዘፍጥረት እስከ መዝሙር። "ለሕይወቴ" የሚሉትን ተውኳቸው፤ እነሱ ቢያስጠይቁ እኔን ብቻ ነው። እያንዳንዱን ስም ሳጠፋ በልቤ እጠራው ነበር። ሰዎቹን ከቤቴ የማስወጣቸው መስሎኝ አለቀስኩ። አባባ ያን ቀን ስለ ዳውድ አልቀለዱም።

መርማሪው ገጽ በገጽ ገለጠ። መሳፍንት ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ አየ። የታሸበት ቦታ ያስታውቃል፤ አይነበብም።

"እዚህ ምን ነበር?"

"የምጸልይላቸው ሰዎች ስም።"

"ማን አጠፋው?"

"እኔ።"

ከገጾቹ መሃል የዳቦ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በጣቱ አንስቶ አየው።

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

እዚያ ግቢ ውስጥ የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው። ንስሐ አልገባሁበትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም፤ ስም ግን አልወጣኝም። ባምባሲ ያለው ልጅም አልተያዘም።

ክፍሉ ውስጥ መልሰው ሲጥሉኝ ከከተማው መስጊድ የመግሪብ አዛን፣ የማፍጠሪያው ጥሪ፣ ይሰማ ነበር። መጽሐፉ መርማሪው ዘንድ ቀርቷል። አባባ ራሴን ቀና አድርገው ከራሳቸው በፊት እኔን ውሃ አጠጡኝ። ከዳቦው የተረፈውን ቅርፊት ለሁለት ከፈሉት።

"ዛሬ ኪታብ የለም" አልኳቸው።

"አለ። ትላንት ያነበብከው እኔ ይዣለሁ።"

በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ነገሩኝ። ዳውድ ጭቃ ውስጥ ነው። እግሩ መቆሚያ አጣ። ውሃው እስከ አንገቱ መጣ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጉሮሮው ደረቀ። ሲጨርሱ እንደ እኔ "ለሕይወቴ" አሉና ቅርፊቱን ወደ አፌ አስጠጉ።

"አሁን ብላ።"

በማግስቱ ወሰዷቸው። ጠባቂውን ብጠይቀው "ወደ ሌላ ቦታ" ብሎኝ በሩን ዘጋ። እኔ ከአምስት ወር በኋላ ስፈታ መጽሐፌን መለሱልኝ። ኩርሙክ ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ በአህያ ጨው የሚነግድ ሽማግሌ ብዙ ነው። ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። አባባ ማለት የበቃ መስሎኝ።

አሁንም በቀን ሦስት ምዕራፍ አነባለሁ። በኅዳጉ ላይ የሰው ስም አልጽፍም፤ ሃያ ሦስቱን በቃሌ እጠራቸዋለሁ። ሃያ አራተኛው ላይ ስደርስ አፌ ባዶ ይሆናል። የእሳቸውን ስምና ያሉበትን ባውቅ በእስክሪብቶ እጽፈው ነበር።